የባሕር ዳርን ድልድዮች የምናከብርበት የጥበብ ቀን ልናዘጋጅ ነው፣ ሃሳብ ስጡን

ሚሚ ከማዶ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። እኔ ያደግኩት አባይ ማዶ ነው፣ ትምህርት ቤቴ ደግሞ ከተማው በኩል ስለነበር አሮጌውን ድልድይ በቀን ሁለቴ በእግሬ እሻገር ነበር። ከባድ መኪና ሲያልፍ ከእግራችን ስር ይርገበገባል፣ ጓደኛዬ እጄን ጭምቅ ታደርጋለች፣ እኔ የማልፈራ መስዬ ወደ ታች ውሃውን አያለሁ። አንዳንድ ቀን ጉማሬ ራሱን ብቅ ሲያደርግ ካየን ደግሞ ክላስ ገብተንም ወሬያችን እሱ ብቻ ነው።

አሁን ስድስት ጓደኛሞች ሆነን ለከተማችን ድልድዮች የጥበብ ቀን ለማዘጋጀት አስበናል። ሁለታችን ሰዓሊ ነን፣ አንዱ ማሲንቆ ይጫወታል፣ አንዷ ልጆች ቲያትር ታስተምራለች፣ ሁለቱ ደግሞ በቃ ሥራ ወዳድ ናቸው። ብር የለንም። ያማከርነው ሰው ሁሉ የሚለን አንድ ነው፣ አዲሱ ድልድይ ላይ ስቴጅ ትከሉ፣ ትልቅ ዘፋኝ አምጡ፣ ማታ በመብራት ይሁን። አዲሱን ድልድይ እኔም እወደዋለሁ፣ 380 ሜትር ርዝመት 43 ሜትር ስፋት ያለው ነገር በግንቦት 2016 ሲከፈት ሄዶ ያላየው ሰው የለም። ግን ከ60 ዓመት በላይ ያሻገረንን አሮጌውን ስሙን እንኳን የሚያነሳው ጠፋ እኮ!

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ ምን ብናደርግ ነው በዓሉ የሰፈሩ ሰው የራሱ የሚሆነው? ሁለተኛ የአሮጌው ድልድይ የድሮ ፎቶ ያለው ሰው አለ ወይ? የስድስታችንንም ቤት አልበም አገላብጠን አንድም አላገኘንም፣ የሰርግ አለ የክርስትና አለ ጣና ዳር የተነሱት ሞልቷል፣ ድልድዩ ግን የለም። ይሄ ነገር በጣም ገርሞኛል።

ባለካሜራው፦
ልጄ ሚሚ፣ አይግረምሽ። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነበር እኮ። ድልድዩ በመሣሪያ ነበር የሚጠበቀው፣ ካሜራ አንገትህ ላይ ካዩ ገና ከሩቅ ነው የሚጮሁብህ። እኔ በ80ዎቹ ፎቶ ቤት ረዳት ሆኜ ስሠራ አንድ ሰርግ ላይ ሙሽሮቹን ቤዛዊት ኮረብታ ላይ አንስተን ስንመለስ ሙሽራዋ መኪናው መስኮት ላይ ወጥታ ቬሏ በንፋስ ሲበር አየሁና ራሴን መግዛት አቃተኝ፣ ድልድዩ መሃል ላይ አንድ ጊዜ ቀጭ አደረግኩ። ጥበቃው አስቆመን። ካሜራውን ከፈተና ፊልሙን መዞ አውጥቶ ለፀሐይ አሳየው። 36ቱም ጠፋ፣ የቤዛዊቱም የቤተክርስቲያኑም። ሙሽራዋ አለቀሰች፣ ፎቶ ቤቱ ገንዘቡን መለሰ፣ ከኔ ደሞዝ ተቆረጠ። ዛሬ የልጅ ልጅ አይታለች፣ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ግን አሁንም «ያቺ ፎቶዬ» ትለኛለች።

ስለዚህ ፎቶ ፍለጋ አትድከሙ። እናንተ ሰዓሊ አይደላችሁ እንዴ? ሰው በልቡ የያዘውን ድልድይ ይሳል። ሽማግሌውም አሮጊቷም ልጁም ወረቀትና እርሳስ ይሰጠውና የሚያስታውሰውን ይሳል፣ ባይችልም ይሞክር፣ መሳል ያቃተው ይናገርና እናንተ ሳሉለት። እኔ ብሆን በዓሉን በዚህ ነው የምጀምረው።

ኮንክሪት፦
እኔ በሙያዬ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። የባለካሜራው ሃሳብ ደስ ብሎኛል፣ እኔ ስለቦታው ልናገር። ድልድዩ ላይ ስቴጅ የሚለውን ከአሁኑ እርሱት። የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ በዛ ነው የሚያልፈው፣ አምቡላንሱም የጭነት መኪናውም የሚያልፈው በዛ ላይ ነው፣ ለዘፈን ብላችሁ ብትዘጉት ሰው ይረግማችኋል እንጂ አያመሰግናችሁም። ዝግጅቱን ከወንዙ ዳር ወይ ማዶ በኩል ሜዳ ላይ አድርጉትና በድልድዩ በእግረኛው መንገድ ላይ ብቻ እየተጓዘ የሚታይ ነገር ይኑር። ኬብሎቹ ላይ ደግሞ ምንም ነገር አትሰሩ፣ መብራትም ባነርም። የሚሰቀል ነገር ካለ የእግረኛው መደገፊያ ላይ ይሁን፣ ያም ቢሆን ባለሙያ አይቶት፣ ሲነሳ ቀለሙን የማይልጥ ገመድ ተጠቅማችሁ።

ሰው ጨፍሮበት ይወድቃል ወይ ብላችሁ የምትጨነቁ ካላችሁ የኛው ከባድ ኮንክሪት ነው፣ ለእስክስታ አይበገርም። ቀጭን የእግረኛ ድልድይ ላይ ግን ቀልድ የለም። ለንደን ውስጥ ቴምዝ ወንዝ ላይ በፈረንጆቹ 2000 የተከፈተው ሚሌኒየም ድልድይ በመክፈቻው ቀን ሰው ሲርመሰመስበት ወደ ጎን መወዛወዝ ጀመረ፣ ድልድዩ ትንሽ ሲወዛወዝ ሰው ሚዛኑን ለመጠበቅ ሳያውቀው እርምጃውን ከሱ ጋር ያስተካክላል፣ እርምጃው ሲገጥም ውዝዋዜው ይብሳል፣ እንዲህ እየተባባሰ ከሁለት ቀን በኋላ ዘጉት። ውዝዋዜውን የሚያረግብ ማርገቢያ ተገጥሞለት እንደገና የተከፈተው በፈረንጆቹ 2002 ነው። ይሄን ለልጆቹ በገመድና በእንጨት ሠርቶ ማሳየት ይቻላል፣ ከፈለጋችሁ እኔ መጥቼ እሠራላችኋለሁ፣ በነፃ።

ሀበሻ ፒትስበርግ፦
እኔ የምኖረው ፒትስበርግ አሜሪካ ነው፣ 446 ድልድይ አላት የሚባልላት ከተማ። መጀመሪያ ስመጣ ሥራ ለመድረስ በየቀኑ ሦስት ድልድይ እሻገር ነበር፣ ሁሉም ቢጫ ናቸው መሰለኝ ብዬ ለእናቴ ስልክ ላይ ነግሬያት እስካሁን «ቢጫው አገር» ነው የምትለው።

በፈረንጆቹ 2013 ነሐሴ ላይ እዚህ አንድ ነገር ተደረገ፣ ለእናንተ ይጠቅማችኋል ብዬ ነው። አንዲ ዋርሆል የሚባለውን ድልድይ ሰዉ በሹራብ አለበሰው። አዎ በሹራብ፣ በእጅ በተሠራ። ከየሰፈሩ፣ ከየቤተክርስቲያኑ፣ ከየአረጋውያን ቤቱ ብዙ ሰው እቤቱ ተቀምጦ የድርሻውን ቁራጭ ሠራ፣ ከዛ ቁራጮቹ ሁሉ መጥተው በድልድዩ ግራና ቀኝ መደገፊያ ላይ ተገጠሙ፣ ማማዎቹ ሳይቀሩ ለበሱ። አንዱ አበባ አንዱ መስመር አንዱ ዝም ብሎ ቀይ፣ ሰው እየሄደ የራሱን ቁራጭ ፈልጎ አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ሲያልቅ ደግሞ አልተጣለም፣ ታጥቦ ብርድ ልብስ ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች ተሰጠ። በጣም የወደድኩት እሱን ነው።

እኛ አገር ደግሞ ጥጥ አለ፣ የምትፈትል እናት አለች፣ ሸማኔ አለ፣ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ኢንስቲትዩቱ እዛው ባሕር ዳር ነው ያለው፣ ተማሪዎቹ በደስታ የሚገቡበት ይመስለኛል። ለምሳሌ የማዶ ሰው ከማዶ በኩል እየሠራ ይምጣ፣ የከተማው ሰው ከወዲህ፣ መሃል ላይ ሲደርሱ ሁለቱን ጫፍ አንድ ማዶ ያለች እናትና አንድ ከተማ ያለች እናት ይስፉት። ሰው እቤቱ የሠራው ነገር ድልድይ ላይ ካለ ማንም ጠርቶት አይደለም የሚመጣው።

ደንገል፦
ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል ግን ከድልድዩ በፊት ማን ነበር የሚያሻግረው? ታንኳ ነው። ታንኳ የሚሠሩትን የነገደ ወይጦ ሰዎች ትታችሁ የአባይ መሻገሪያ በዓል ብትሉ ትልቅ ስህተት ነው። ታንኳው የሚሠራበት ደንገል ሲታጨድ፣ ሲደርቅ፣ ሲታሰር በዓይኑ ያየ ልጅ ስንት ነው አሁን? አንድ ሽማግሌ ጣና ዳር ሲሠሩ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ፣ እስሩን በጉልበታቸው ተጭነው ልጡን ሲስቡት የሚያሰማው ድምፅ፣ እንደ አዲስ ጫማ ነው የሚንቋቋው። ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ስለዚህ ከሐይቁ ሲወጣ ቀጥ አድርገው አቁመው ያደርቁታል፣ ያም ሆኖ ብዙ አይቆይም እንደገና ይሠራል። ይሄ በራሱ ጥበብ ነው፣ ትርኢት አትጨምሩበት።

ሁለት ነገር ብቻ። ስትጠሯቸው በክብር ጥሩ፣ የቀን ሥራቸውን ትተው ነውና የሚመጡት ክፈሏቸው፣ ብር የለንም ብላችኋል ግን ያላችሁ ጥቂት ብር መጀመሪያ እዛ ይሂድ። ሁለተኛ የታንኳ ውድድር ካሰባችሁ ወንዙ ላይ እንዳታደርጉት፣ ውሃው ከሐይቁ ከሚወጣበት ከጨረጨራ ግድብ በታች ውሃው ይጎትታል፣ ጉማሬም አመሻሽ ላይ ይወጣል። ሐይቁ ዳር፣ በጠዋት፣ ንፋስ ሳይነሳ።

የሞጣው፦
እኔ የከተማ ሰው አይደለሁም ግን አባይ ላይ ስላሉት ስታወሩ ሰባራ ድልድይን እንዳትረሱ። ሞጣና አንዳቤትን የሚያገናኘው፣ ከፋሲል ዘመን ጀምሮ የነበረው። በጣሊያን ጊዜ ጠላት እንዳይሻገር አርበኞች መሃሉን አፈረሱት፣ ከዛ በኋላ ስሙ ሰባራ ሆኖ ቀረ። ሰዉ ግን ገበያ መሄድ አልተወም፣ ከወዲህ ጎረምሶች ከወዲያ ጎረምሶች ገመድ ይዘው አንተ ወገብህን ትታሰርና በአየር ላይ ይስቡህ ነበር፣ ከታች አባይ ይጮሃል። አያቴ እንዲህ ተስባ ነው ለዘመድ ልቅሶ የሄደችው፣ «ዓይኔን ጨፍኜ ማርያምን ስጠራ ደረስኩ» ነበር የምትለው። ልጆች ቲያትር የምታስተምረው ልጅ ይሄን መሬት ላይ በገመድ ልትሠራው ትችላለች፣ ሁለት ቡድን፣ መሃል ላይ አንድ ሰው። ሳቢው ጎረምሳ ደግሞ ገመዱን መልቀቅ እንደማይችል ይታይ።

ማሲንቆ ለሚጫወተው ልጅ ደግሞ ይቺን ከኔ ውሰድ፣ ድልድዩ ተጨናንቆ ባጃጅ ውስጥ አንድ ሰዓት ስቀመጥ የገጠምኳት ናት፦
ከማዶ ሆነሽ ነው ሁሌ የምትጠሪኝ፣
ድልድዩ ጠበበ እስቲ ማን ያሻግረኝ።

ሚሚ ከማዶ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ሁለቴ ነው ያነበብኩት፣ ለጓደኞቼም ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ስቴጁ ቀርቷል። ትልቅ ዘፋኝም አንጠራም። ዝናቡ ካለፈ በኋላ ኅዳር ላይ፣ ፀጥታው ከፈቀደ፣ በቀን፣ ሰው ሳይመሽበት ቤቱ እንዲገባ። ሸማውን ግን ለዘንድሮ አንደርስም፣ ኮንክሪት እንዳልከው የሚያይልን ሰውም ይፈልጋል፣ ዘንድሮ ማዶ ያሉ እናቶችን ማነጋገር እንጀምራለን። ደንገል፣ ያልከው ገብቶናል፣ ያዋጣነውን ብር ለነሱ ለይተን አስቀምጠናል። የሞጣው ግጥምህን ማሲንቆው ልጅ ትናንት ማታ ሲለማመዳት ነበር።

የሚሳለውን ግን አሁኑኑ ጀመርን። ትናንት ለእናቴ ወረቀትና እርሳስ ሰጠኋት፣ ከትምህርት ቤት ወዲህ እርሳስ ይዛ አታውቅም፣ አይሆንልኝም ብላ ብዙ ከተሟገተችኝ በኋላ ቡናዋን ትታ ቁጭ አለች። መጀመሪያ የሳለችው ውሃውን አይደለም፣ መኪናውንም አይደለም፣ ጥበቃው የሚቆምባትን ትንሽ ጎጆ ነው። በሩን፣ ቆርቆሮዋን፣ ውጪ የተቀመጠውን ጀሪካን ሳይቀር። ከዛ ድልድዩን ከጎጆዋ ጀምራ መስመር አድርጋ ሰደደችው፣ ላዩ ላይ ደግሞ እግር ብቻ፣ ብዙ እግር።

ጋሼ ባለካሜራው፣ እናቴ ጎጆዋ ማዶ በኩል ነበረች ትላለች፣ ጎረቤታችን ደግሞ ኧረ ከተማው በኩል ነው ብለው ተከራክረዋታል። የትኛው ነው? ሁለቱም እስካሁን አልተኮራረፉም ግን ቅርብ ነው። ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እኛ ቤት ሌሎችም ሊስሉ ይመጣሉ።

ባለካሜራው፦
በሁለቱም በኩል ነበር። እኔን የያዘኝ የማዶው ነው። ቅዳሜ ካሜራዬን ይዤ እመጣለሁ፣ የተሳለውን ሁሉ አንድ በአንድ አነሳዋለሁ። ያቺን ሙሽራም ይዣት እመጣለሁ።