ክርክር፦ ነፃ የኤአይ መለያ የሰጠው ቁጥር ተማሪን ያስጠይቃል?

ተመራቂ ተማሪ፦
ሰላም የባሕር ዳር ልጆች፣ እንዴት ናችሁ? በእንግሊዝኛ የጻፍኩት የማስተርስ ጽሑፌ ስለ እምቦጭ ነው። ዲፌንስ ሊደርስ ሲል አማካሪዬ አንዱን ምዕራፍ ኮፒ አድርገው ነፃ የኤአይ መለያ ላይ፣ ማለትም ጽሑፉን ሰው ይጻፈው ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) የሚገምት ሳይት ላይ አስገቡት። «አብዛኛው በኤአይ የተጻፈ ነው» አላቸው። እንደገና ጻፊው ተባልኩ። በጣም ያናደደኝ መለያው ጠርጥሮ ቢጫ የቀባው ክፍል ነው። የጥናቱን አካባቢ የሚገልጸው አንቀጽ! ባሕር ዳር ከአዲስ አበባ በየት በኩል እንደምትገኝ፣ ጣና የአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ መሆኑ፣ ዓባይ ከዚያ መውጣቱ። ይህን በምን ሌላ ቃል ልጻፈው? እስቲ ፍረዱኝ።

መምህር፦
እህቴ፣ ራስሽ ጽፈሽው ከሆነ በደል ነው፤ አይዞሽ። ግን የእኛንም ጎን እዩት። አንድ ጽሑፍ ሳርም ዋቢው ላይ ያለውን መጽሐፍ ፈለግኩ። የለም። ደራሲውም የለም። ተማሪውን ስጠይቀው መልስ አጣ። እንዲህ ያለው በዝቷል። ሁሉን እያጣራሁ ለማንበብ ጊዜ የለኝም። የሚከፈልበት ሶፍትዌር የሚገዛልኝም የለም። ነፃው መለያ ቢያንስ የቱን ልጠርጥር ይጠቁመኛል።

የሶፍትዌር ባለሙያ፦
መምህር፣ የመጽሐፉን ነገር የደረሱበት እኮ በመለያው አይደለም። አንብበው ነው።

መለያው ማን እንደጻፈው አያውቅም። ብዙዎቹ የሚያዩት የሚቀጥለው ቃል ምን ያህል አስቀድሞ እንደሚገመት ነው። ዓረፍተ ነገሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ርዝመት ካላቸውም ይጠረጥራሉ። ከመለያዎቹ አንዱ የሆነው ጂፒቲዜሮ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ሲወጣ የተነሣው በዚህ ሐሳብ ነው። የጥናት አካባቢ መግለጫን ደግሞ ሁሉም ተማሪ በተመሳሳይ ቃላት ነው የሚጽፈው። ቢጫ ቢሆን ምን ይገርማል?

ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 ነፃ መለያ አውጥቶ ነበር። በራሱ ፈተና ከኤአይ ጽሑፎች የያዘው 26 በመቶውን ብቻ ነው። ከሰው ጽሑፎች ደግሞ 9 በመቶውን ያለ ጥፋታቸው ኤአይ ናቸው አለ። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ ዘጋው። ባለቤቱ ያልቻለውን ስሙ የማይታወቅ ነፃ ሳይት ቻለ ብሎ ተማሪ መጣል ይከብዳል።

የእንግሊዝኛ አስተማሪ፦
እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋችን ነው። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ሰባት መለያዎችን ፈትነው ነበር። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ቶፍል ለተባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች ሰጧቸው። መለያዎቹ በአማካይ ከ60 በመቶ በላዩን «ኤአይ ነው» አሉ። የአሜሪካ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ድርሰት ግን ከሞላ ጎደል በትክክል ለዩ። ምክንያቱም እኛ የምናውቀውን ቃል ደጋግመን ነው የምንጠቀመው። ቀለል ያለ ዓረፍተ ነገር እንመርጣለን። መለያው ይህን ማሽን ነው ይለዋል።

ከዚህ የባሰውን ስሙኝ። እነዚያኑ ድርሰቶች ቻትጂፒቲ ቃላቱን እንዲያሳምር ሲያደርጉ በሐሰት የሚጠረጠሩት በጣም ቀነሱ። ሐቀኛው ተይዞ፣ በማሽን ያሳመረው አለፈ ማለት ነው!

መምህር፦
ጥናቱን አውቀዋለሁ። ግን የ2023 ነው። መለያዎቹ ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋል።

የሶፍትዌር ባለሙያ፦
ኤአዩም ተሻሽሏል። የሚከፈልበትም ቢሆን ከስህተት አያመልጥም። አሜሪካ ያለው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 የጽሑፍ መፈተሻ ሶፍትዌር የሚሸጠውን የተርኒቲን ኩባንያ የኤአይ መለያ መጠቀም አቁሟል። ኩባንያው የሚሳሳተው 1 በመቶ ብቻ ነው ይል ነበር። ዩኒቨርሲቲው በ2022 ለተርኒቲን ያስገባው ጽሑፍ 75 ሺህ ነው። በዚያ ስሌት 750ው ያለ ጥፋቱ ሊከሰስ ይችል ነበር።

የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ሠራተኛ፦
እኔ ልንገራችሁ። ተማሪው ፍላሽ ይዞ ይመጣና «ኤአዩን ቀንስልኝ» ይላል። ያንኑ ገጽ ሁለት ሳይት ላይ አስገባዋለሁ። አንዱ ሰው ነው ይላል፣ ሌላው ማሽን። አንዳንዱ ሳይት ደግሞ ቢጫውን ካሳየህ በኋላ እዚያው ሥር «ክፈልና የሰው አስመስለን እንቀይርልህ» ይልሃል። በሽታውንም መድኃኒቱንም የሚሸጠው አንድ ሰው ነው። እንግሊዝኛው የከበደው ልጅ ፈርቶ ይከፍላል። ተቀይሮ የሚመጣው ጽሑፍ ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ ነው፤ ፕሪንት ሳደርግ አየዋለሁ።

የእንግሊዝኛ አስተማሪ፦
ተማሪዋ፣ የመስክ ማስታወሻሽ አለሽ?

ተመራቂ ተማሪ፦
አለኝ እንጂ። ፎገራ ላይ ያናገርኳቸው ዓሣ አጥማጆች የነገሩኝ በሙሉ በእጅ ጽሑፌ ተጽፏል። መረብ ሲጥሉ እምቦጩ እንዴት እንደሚይዝባቸው፣ ጀልባው በየት በኩል ማለፍ እንዳቃተው። ድራፍቶቼም በየቀኑ ተቀምጠዋል። ግን ማንም አሳዪኝ አላለኝም።

የእንግሊዝኛ አስተማሪ፦
ቁጥሩ ከመነገሩ በፊት መጠየቅ የነበረበት ይህ ነው። ደብተሩን አምጪ፣ ቁጭ በይና ይህን ምዕራፍ አስረጂኝ። ራሷ የሠራች ልጅ ወዲያው ትታወቃለች። ትምህርት ክፍሎች በጽሑፍ ይወስኑ፤ የመለያ ቁጥር ብቻውን ማስረጃ አይሁን።

መምህር፦
እሱን እፈርማለሁ። ለመጠርጠር ግን መለያውን መጠቀሜን አልተውም። ደግሞ አስረጂኝ ማለት ለማማክራቸው አምስት ተማሪዎች ይሆናል። 200 ተማሪ ያለበት ክፍል አሳይመንት ሲሰጥ ማን ሁሉንም ቁጭ አድርጎ ይጠይቃል? መመሪያ ከተጻፈ እሱም አብሮ ይጻፍ።