ሊዝ ፐርቸዝ ልፈርም ነው፤ ከመፈረሜ በፊት ወረቀቱን እዩልኝ

አዲስ_መሪ፦
ሰላም ወገኖች። እዚህ አሜሪካ ከካምፓኒ ሹፌርነት ወደ ኦነር ኦፕሬተር (የራሱን ትራክ የሚያሠራ ሹፌር) ልሻገር ነው፤ መንገዱ ሊዝ ፐርቸዝ ነው፣ ማለትም ትራኩን ተከራይቶ እየከፈሉ በመጨረሻ የራስ ማድረግ። የቀረበልኝ ውል የሚከተለው ነው። ትራኩ 2021 ፍሬይትላይነር ካስኬዲያ፣ ሞተሩ ዲትሮይት ዲዲ15፣ ማርሹ አውቶማቲክ፣ 480 ሺህ ማይል የሄደ። ቅድሚያ 3,000 ዶላር፣ ከዚያ በሳምንት 950 ዶላር ለ156 ሳምንት፣ መጨረሻ ላይ 15,000 ከፍሎ ታይትሉን (የባለቤትነት ወረቀቱን) መረከብ። ከሎዱ (ከጭነቱ ክፍያ) 70 በመቶው የእኔ፣ ትሬለሩ የእነሱ፣ ናፍጣው ከእኔ። ኢንሹራንስ በሳምንት 280፣ ታርጋና ኢኤልዲ (የመንዳት ሰዓት መመዝገቢያ መሣሪያ) 60፣ ኤስክሮ (እነሱ ዘንድ የሚቀመጥ የመያዣ ገንዘብ) 100 (2,500 እስኪሞላ)፣ «ሜንተናንስ» ደግሞ በማይል 12 ሳንቲም። ክሬዲት (የብድር ታሪክ) አያዩም። «ካልተመቸህ በፈለግክበት ቀን ቁልፉን መልሰህ ትሄዳለህ» ብለውኛል።

ሒሳቡ ያዋጣል? ትራኩን ሳየው ምን ላስፈትሽ? በቃል የተባልኩትንስ ወረቀቱ ላይ የት ልፈልገው?

ቀሪ_ሒሳብ፦
በ950ው ከመከራከርህ በፊት ጠቅላላውን ደምረው። 950 በ156 ሲባዛ 148,200 ነው። ቅድሚያውንና የመጨረሻውን 15,000 ስትጨምርበት 166,200 ዶላር ይሆናል። አሁን ያንኑ ሞዴልና ያንኑ ማይል ሻጮች ስንት እንደሚጠሩት ኢንተርኔት ላይ እይ። ለምሳሌ 60,000 ቢሉት፣ የቀረው 106,200 የብረት ዋጋ ሳይሆን «ክሬዲት አናይም» የምትለዋ ቃል ዋጋ ናት።

ሳምንቱንም እንሥራው። 2,500 ማይል ሄድክ እንበል፤ 2,200ው ጭነት ያለበት፣ 300ው ባዶ። ጭነቱ በማይል 2.30 ቢከፍል ጠቅላላው 5,060፣ የአንተ 70 በመቶ 3,542 ነው። ናፍጣ በጋሎን 6.5 ማይል፣ ጋሎኑን በ3.70 ብንይዘው 1,423። ሊዝ 950፣ ኢንሹራንስ 280፣ ኤስክሮ 100፣ ታርጋና ኢኤልዲ 60፣ ሜንተናንስ 300። ድምሩ 3,113። እጅህ ላይ የምትቀረው 429 ዶላር ናት፤ ያውም ታክስ ሳይነሳላት፣ መንገድ ላይ የምትበላው ሳይቀነስ።

ይህ ትራኩ ያልቆመበት ሳምንት ነው። አንድ ሳምንት ጋራዥ ከገባ ሊዙ፣ ኢንሹራንሱ፣ ኤስክሮውና ታርጋው መቆጠራቸውን አያቆሙም፤ ስትወጣ የ1,390 ዶላር ዕዳ ይጠብቅሃል። የሦስት ደህና ሳምንት ትርፍ ተደምሮ 1,287 ነው። የቆመው አንዱ ሳምንት ሦስቱን በልቶ ይተርፋል ማለት ነው።

በሳምንት 1,500 እንዲቀርህ ከፈለግክ ጭነት ያለበት ማይል 3 ዶላር መክፈል አለበት፤ 6,600 ይገባል፣ 70 በመቶው 4,620፣ ወጪው ሲነሳ 1,507። ስለዚህ ሪክሩተሩን (ሹፌር መልማዩን) «በሳምንት ስንት ይገኛል?» አትበለው፤ ምርጧን ሳምንት ነው የሚነግርህ። እዚያው ሊዝ ላይ ያለ ሹፌር ተከታታይ የሦስት ወር ሴትልመንት (የክፍያና የተቆራጭ ዝርዝር)፣ ስሙ ተሸፍኖ፣ እንዲያሳይህ ጠይቅ። ካላሳየህ እሱም መልስ ነው።

በእጅህ ያለው ትልቁ ወጪ ናፍጣ ነው። 6.5ቱን ወደ 7.5 ካሳደግከው 1,423ው ወደ 1,233 ይወርዳል፤ በሳምንት 190 ዶላር። የሚገኘውም በዋነኛነት በሰዓት 72 ማይል መንዳት ትቶ ከ63 እስከ 65 ላይ ከመቆየት፣ የጎማ ነፋስን ከመጠበቅና ሞተር አስነስቶ ካለማደር ነው። ቆሞ የሚሠራ ሞተር በሰዓት ወደ 0.8 ጋሎን ይጠጣል፤ አሥር ሰዓት ተኝተህ ስትነሳ 8 ጋሎን ሄዷል። ትራኩ ኤፒዩ (ዋናው ሞተር ጠፍቶ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ የሚያሠራ ትንሽ ሞተር) እንዳለውና እንደሚሠራ ጠይቅ። የነዳጅ ካርዱ ዲስካውንት ሙሉ በሙሉ ለአንተ እንደሚያልፍም ወረቀት ላይ ይስፈር፤ በተለጠፈው ዋጋ አስበው ልዩነቱን የሚያስቀሩ አሉ።

ታክሱን ባጭሩ፦ 1099 (ተቀጣሪ ያልሆነ፣ ለራሱ የሚሠራ) ስለሆንክ ሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክሱ ብቻውን 15.3 በመቶ ነው፤ በየሩብ ዓመቱ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና ጃንዋሪ 15 ትከፍላለህ። ከሴትልመንቱ ወዲያው ለይተህ ካላስቀመጥክ አይገኝም።

ወረቀት_አንባቢ፦
ወንድሜ፣ በካምፓኒ ኦቶሪቲ (ጭነት የማጓጓዝ የፌዴራል ፈቃድ) ስር እስከሠራህ ድረስ የሚገዛህ የፌዴራል ደንብ 49 ሲኤፍአር ክፍል 376 ነው። አንቀጽ 376.12 ውሉ የግድ ሊይዛቸው የሚገቡትን ይዘረዝራል፤ ጥቂት ገጽ ነው፣ አትመህ ከውልህ ጎን አስቀምጠህ አመሳክር።

70 በመቶው የምንድነው? ውሉ ላይ መነሻው በግልጽ ይጻፍ። በመቶኛ የሚከፈል ከሆነ ካምፓኒው ሴትልመንት ሲሰጥህ ወይም ከዚያ በፊት የጭነቱ ዋጋ የሰፈረበትን የፍሬይት ቢል (የጭነት ሒሳብ ደረሰኝ) ኮፒ የመስጠት ግዴታ አለበት። እዚህ ላይ ዓይንህን ክፈት፦ ካምፓኒው እህት የብሮከር (የጭነት ደላላ) ድርጅት ካለው፣ ሎዱ መጀመሪያ እዚያ ተቆርጦ ለአንተ የሚታየው ቢል የተላጨው ሊሆን ይችላል። «ሎዱን የሰጠው ብሮከር የእናንተ ነው ወይ?» ብለህ በቀጥታ ጠይቅ።

ክፍያ፦ የማስረከቢያ ወረቀቶችህን ባስገባህ በ15 ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት።

ተቆራጭ፦ ካምፓኒው ቀድሞ ከፍሎ ከአንተ የሚቀንሰው ነገር ሁሉ ከነአሠራሩ ተዘርዝሮ ውሉ ላይ መኖር አለበት። «ልዩ ልዩ ክፍያዎች» የምትል መስመር ካየህ ዝርዝር አስጽፍ። ዕቃም ሆነ አገልግሎት ከእነሱ ካልገዛህ አናሠራህም ሊሉህ አይችሉም። ኢንሹራንሱም ከእነሱ ከተገዛ የፖሊሲውን ኮፒ ስትጠይቅ ሊሰጡህ ይገባል።

ኤስክሮ፦ መጠኑ፣ ለምን ለምን እንደሚውል፣ መቼ እንደሚመለስ ይጻፋል። ወለድ ቢያንስ በየሦስት ወሩ ይከፈልበታል፤ መነሻው የ13 ሳምንት የመንግሥት ትሬዠሪ ቢል (የአጭር ጊዜ የመንግሥት ብድር ሰነድ) ወለድ ነው። ውሉ ካለቀ በ45 ቀን ውስጥ የተረፈው ይመለሳል። አብዛኛው ሰው ወለድ እንዳለው እንኳ አያውቅም።

አሁን ወደ 12 ሳንቲሟ። በሳምንት 300 ማለት በ50 ሳምንት 15,000 ዶላር ነው። አንዲት ጥያቄ ጠይቅ፦ ያ ገንዘብ የእኔ ተቀማጭ ነው ወይስ የእናንተ ክፍያ? ተቀማጭ ከሆነ እንደ ኤስክሮ ሒሳብ ሊቀርብበትና ስትወጣ ሊመለስ ይገባል። ክፍያ ነው ካሉ ደግሞ በለውጡ ጥገናውን ማን እንደሚሸፍን ይጻፉ። ገንዘቡን ወስደው ትራኩ ሲሰበር እንደገና ቢል የሚልኩ አሉ።

«ቁልፉን መልሰህ ትሄዳለህ» ያሉህን በእንግሊዝኛው ውል ላይ ዲፎልት (ውል መጣስ)፣ ተርሚኔሽን (ማቋረጥ)ና አክሰለሬሽን (ቀሪውን በአንዴ መጠየቅ) በሚሉት ርዕሶች ስር ፈልገው። አክሰለሬሽን ካለበት፣ በ20ኛው ሳምንት ስትወጣ የቀሩት 136 ሳምንታት በአንድ ጊዜ ይጠየቃሉ፤ 129,200 ዶላር ነው። እውነተኛ ዎክ አዌይ (ያለ ዕዳ ትቶ መውጣት) ከሆነ «ከዚህ ቀን በኋላ የሊዝ ክፍያ አይጠየቅም» የሚል ዓረፍተ ነገር አለው። ከሌለው የለም፤ በቃል የተባለው ደግሞ «ከዚህ ውል ውጭ የተነገረ አይጸናም» በምትለው የመጨረሻ አንቀጽ ይሻራል።

ቁልፍ_14፦
ስለ ትራኩ እኔ ልመልስ።

በማይሉ አትርካ፣ ሰዓቱን እይ። ከሞተሩ ኮምፒውተር (ኢሲኤም) ሪፖርት አስወጣ። 480 ሺህ ማይሉ በ12 ሺህ ሰዓት ከሆነ አማካዩ 40 ማይል በሰዓት ነው፤ ሃይዌይ የሄደ ትራክ ነው። በ16 ሺህ ከሆነ 30 ይወርዳል፤ ቆሞ ብዙ ሠርቷል፣ ዲፒኤፉ (የጭስ ጥላሸት ማጣሪያው) ጠግቦ ሊሆን ይችላል። እዚያው ሪፖርት ላይ የሪጀን (ማጣሪያው የያዘውን ጥላሸት አቃጥሎ ራሱን የማጽዳት) ታሪክና የተደጋገሙ ፎልት ኮዶች (የብልሽት ምልክቶች) ይታያሉ። ኮዶቹ ትናንት ተጠርገው ከሆነ ሻጩ የሚደብቀው ነገር አለ።

ዲዲ15 ላይ ዋናው ወጪ አፍተርትሪትመንቱ (የጭስ ማጽጃው ክፍል) ነው፤ ዲፒኤፍ፣ ኤስሲአር (በዴፍ ፈሳሽ ጭሱን የሚያጸዳው)፣ የዴፍ ዶዘርና የናይትሮጅን ኦክሳይድ ሴንሰሮች በአንድ ሳጥን ታሽገው ስለተቀመጡ አንዱን ለመንካት ብዙ ነገር ይፈታል። ዲፒኤፉ መቼ ወጥቶ እንደጸዳ ደረሰኝ ጠይቅ። ፓርክድ ሪጀን (ቆሞ የሚሠራ ሪጀን) አስጀምርና ቁጭ ብለህ ጠብቅ፤ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ሳይጨርስ ካቋረጠ፣ ወይም ጨርሶ የጥላሸቱ መጠን ካልወረደ አትፈርም።

የዘይት ናሙና ላብራቶሪ ላክ፤ ከ50 ዶላር በታች ነው። ሶዲየምና ፖታሲየም ከፍ ካሉ ኩላንት ወደ ዘይቱ እየገባ ነው፤ ኢጂአር ኩለር (ወደ ሞተሩ የሚመለሰውን ጭስ የሚያቀዘቅዘው) ወይም የሄድ ጋስኬት ጠርጥር። እርሳስና መዳብ የብሮንዚና መበላት፣ ሲሊከን የአየር ፊልተር ማስተላለፍ ምልክት ናቸው። ዘይቱ ሰሞኑን ተቀይሮ ከሆነ ናሙናው ንጹሕ ሆኖ ይወጣልና ስንት ማይል እንደሠራ አብረህ ጻፍ። ሞተሩ ሞቆ እያለ የዘይት መሙያ ክዳኑን ፈትተህ ገልብጠህ አስቀምጠው፤ ጭስ እየገፋ ካዘለለው ብሎውባይ (በፒስተን ጎን ጋዝ ማምለጥ) አለ፣ ፒስተን ሪንጉ ደክሟል።

ንፋስ፦ ሞተር አጥፋ፣ ትሬለር ሳይያያዝ ብሬኩን ረግጠህ አንድ ደቂቃ ያዝ፤ ከ3 ፒኤስአይ በላይ መውረድ የለበትም (ከትሬለር ጋር 4)። ጎማ የፊቱ ከ4/32፣ የኋላው ከ2/32 ኢንች በታች ከሆነ ኢንስፔክሽን ላይ ያስቆምሃል፤ ግን ሕጋዊው ዝቅተኛ መጠን ላይ የደረሰ ጎማ ተረከብክ ማለት በመጀመሪያው ወር አሥር ጎማ ልትገዛ ነው። የፊት እግሩን በክሪክ አንስተህ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቅ፤ ከተንቀጫቀጠ ኪንግፒን ወይም ቤሪንግ ነው። ሻንሲ ቁጥሩን ደግሞ በኤንኤችቲኤስኤ (የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ ሪኮል (የፋብሪካ ጥሪ) እንዳለው እይ፣ ነጻ ነው።

አዲስ_መሪ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ትራኩን ውጭ መካኒክ ማሳየት አይቻልም ብለዋል፣ «የእኛ ጋራዥ ፈትሾታል» ነው የሚሉት። ሁለተኛ፣ ወረቀቱ ሁለት ነው፤ አንዱ የትራክ ሊዝ በሌላ ካምፓኒ ስም፣ አንዱ ከእነሱ ጋር የሥራ ውል። ልዩነት አለው?

ወረቀት_አንባቢ፦
አለው፣ ብዙ። አከራዩና ጭነት ሰጪው በወረቀት ሁለት ቢሆኑም ባለቤታቸው አንድ ሊሆን ይችላል፤ በስቴቱ የንግድ ምዝገባ ድረ ገጽ አድራሻቸውን አነጻጽር። ዋናው አደጋ «ክሮስ ዲፎልት» የምትባለው አንቀጽ ናት፦ የሥራ ውሉ ከተቋረጠ ሊዙም እንደተጣሰ ይቆጠራል። ዲስፓቸሩ (ጭነት የሚመድብልህ ሰው) ሎድ ቢነፍግህ ሊዙን መክፈል ያቅትሃል፣ ትራኩን ይወስዳሉ፣ ለሚቀጥለው ሹፌር ያከራዩታል። ትራኩን ይዘህ ወደ ሌላ ካምፓኒ መሄድ ይፈቀድ እንደሆነም እይ፤ ካልተፈቀደ የያዝከው ትራክ ሳይሆን መሪው ብቻ ነው።

ኮንግረስ በ2021 የመሠረተ ልማት ሕግ ያቋቋመው የትራክ ሊዝ ግብረ ኃይል ጃንዋሪ 2025 ባወጣው ሪፖርት የካምፓኒዎች ሊዝ ፐርቸዝ ፕሮግራም እንዲታገድ ነው የመከረው። ምክር እንጂ ሕግ አይደለም፤ ግን ሪፖርቱ ውስጥ ያለው አሠራር አንተ ከጻፍከው ጋር ይመሳሰላል።

ቁልፍ_14፦
ውጭ መካኒክ የሚከለክል ሰው ትራክ አይወሰድም። ሌላ የምጨምረው የለኝም።

ሰፊ_ጎዳና፦
ለመተው ከወሰንክ ያለህን አማራጭ ልበል። ክሬዲትህ መካከለኛ ከሆነና ከ15 እስከ 20 በመቶ ቅድሚያ ካጠራቀምክ፣ ትራኩን በራስህ ስም በባንክ ወይም በትራክ ፋይናንስ ገዝተህ ከካምፓኒ ጋር ሊዝ ኦን መሆን (የራስን ትራክ ይዞ በእነሱ ኦቶሪቲ መሥራት) ይሻላል፤ ሥራው ቢከፋ ትራክህን ይዘህ ትወጣለህ። የራስ ኦቶሪቲ ደግሞ ማመልከቻው 300 ዶላር ብቻ ቢሆንም ክብደቱ ያለው ኢንሹራንሱ ላይ ነው። ሕጉ ለተራ ጭነት 750 ሺህ ዶላር ላያቢሊቲ (በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ሽፋን) ይበል እንጂ ብሮከሮች 1 ሚሊዮንና 100 ሺህ የካርጎ ሽፋን ይፈልጋሉ፤ አዲስ ኦቶሪቲ ላይ ፕሪሚየሙ ያማል። አዲስ ገቢ ተብለህ ለ18 ወር በክትትል ትቆያለህ፣ ሴፍቲ ኦዲትም ይመጣል። ኢፍታ (በስቴቶች መካከል የሚከፋፈል የነዳጅ ታክስ) በየሩብ ዓመቱ፣ 2290 (የከባድ መኪና ታክስ ቅጽ) በዓመት (ከ75 ሺህ ፓውንድ በላይ ለተመዘገበ 550 ዶላር) ራስህ ታስገባለህ።

በየትኛውም ሊዝ ብትገባ ግን ስለ ኢንሹራንሱ አንድ ነገር አረጋግጥ፦ ትራኩ በአደጋ ቶታል ቢሆን (የማይጠገን ቢባል) ፊዚካል ዳሜጁ (የራሱ የትራኩ ጉዳት ሽፋን) የሚከፍለው የገበያ ዋጋውን ነው። ውሉ ላይ 90 ሺህ ቀርቶህ ትራኩ 50 ሺህ ከተገመተ፣ ጋፕ ሽፋን (ልዩነቱን የሚከፍል ኢንሹራንስ) ከሌለህ 40 ሺው የአንተ ዕዳ ነው። ያለ ትሬለር ስትነዳ የሚሸፍንህ ቦብቴይል ኢንሹራንስም ከ280ው ውስጥ መኖሩን ጠይቅ፤ ብዙ ጊዜ የለም።