የድሬ አውሮፕላን ማረፊያ ለአጋር ይከፈት? የቡድናችን ክርክር

ከከዚራ፦
ወገኖቼ፣ እንዴት ዋላችሁ? እንደተለመደው ሁላችንም በምንኖርበት ቦታ ስም እንጽፍ። የዚህ ሳምንት ጥያቄ ይኸው። የድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ፣ አባ ተና ደጃዝማች ይልማ፣ አክሲዮን ሸጦ አጋር ያስገባ ወይስ እንዳለ በአየር መንገዱ እጅ ይቆይ? የአውሮፕላን ማረፊያዎች ድርጅት በ2009 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕ ተጠቃሏል። አጋር የምለው የከተማ አስተዳደሩን፣ ነጋዴውንና ውጭ ያለውን የድሬ ልጅ ነው።

እኔ ይከፈት ባይ ነኝ። እስቲ ዙሪያችንን እንይ። የኤሌክትሪክ ባቡሩ በእኛ በኩል ያልፋል። ደረቅ ወደብ አለን። ኢንዱስትሪ ፓርክ አለን። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጣና የተከፈተው እዚሁ ነው። ይህ ሁሉ ባለበት ከተማ አውሮፕላን ማረፊያው ሰው ተቀብሎ ሰው መሸኛ ብቻ ሊሆን አይገባም።

የማስበው የሕንዱን የኮቺን አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ኬረላ የምትባለው ግዛት አውሮፕላን ማረፊያ ፈለገች፣ መንግሥቷ ግን ገንዘብ አልነበረውም። ሕዝቡን አክሲዮን ግዙልኝ አለች። በዓረብ አገር የሚሠሩ ልጆቿ በሺዎች ገዙ። በእኛ አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በነሐሴ 2007 ዓ.ም. ደግሞ በዓለም የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ አውሮፕላን ማረፊያ ሆነ። ፀሐይ እንደሆነ በድሬ ሞልቶ የተረፈ ነገር ነው።

ከለገሃሬ፦
ልጄ፣ ሐሳብህ ጥሩ ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን በሒሳብ መዝገብ ላይ የጨረስኩ ሰው ነኝና የማየውን ልንገርህ። ኮቺን በዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ የሚያስተናግድ ነው። ከእነሱም ውስጥ ወደ ዱባይና ወደ ዶሃ የሚመላለሰው ሠራተኛ ብዙ ነው። ገቢው ከዚያ መንገደኛ፣ ከሱቁና ከኪራዩ ይመጣል። የእኛ መንገደኛ በአብዛኛው አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለስ ነው። የአንድ ሰዓት በረራ።

ሌላም አለ። ትልቁ ጣቢያ ትንንሾቹን ይሸከማል። አዲስ አበባ የምታገኘው ጎዴንም ላሊበላንም ጅማንም ያኖራል። ድሬ ተነጥላ ከወጣች ያ ትከሻ ይቀርባታል። አክሲዮን የገዛው ሰው ደግሞ ትርፍ ይጠይቃል፤ መብቱ ነው። ትርፉ ከየት ይመጣል? የማረፊያ ክፍያ ይጨመራል፣ ቲኬት ይወደዳል። አሁንም ቲኬት የከበደው ሕዝብ ነው። አይከፈት።

ከቶሮንቶ፦
እኔ ከዛሬ ነገ ሳልል እገዛለሁ። ግን በናፍቆት ብቻ አይደለም። በየዓመቱ በውጭ ኦዲተር የተመረመረ ሒሳብ እንዲደርሰኝ እፈልጋለሁ። እዚያ ኬረላ ትርፍ ለባለ አክሲዮን ይከፋፈላል፤ ሰው ያመነው ለዚህ ነው።

ከሳቢያን፦
እኔ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነኝ። ሶላሩን ሁላችሁም በአንድ ቃል አለፋችሁት፤ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ኮቺን 12 ሜጋ ዋት ሶላር ሲተክል ብዙ ጭስ ቀነሰ። ምክንያቱም የሕንድ መብራት በአብዛኛው ከድንጋይ ከሰል ነው። የእኛ ግን በአብዛኛው ከውሃ ነው። ስለዚህ ድሬ ላይ ፓኔል ብንደረድር የምንቀንሰው ካርቦን ጥቂት ነው። ያም ሆኖ ይተከል እላለሁ፣ ግን በትክክለኛው ምክንያት። መብራት ሲጠፋ የሚነሳውን የናፍጣ ጄኔሬተር ይተካል። ደግሞ የድሬ ሙቀት የሚበረታው ቀትር ላይ ነው፤ ማቀዝቀዣው ሁሉ የሚጎትተውም ያኔ ነው። ፀሐይዋም በዚያው ሰዓት ትሰጣለች።

ዋናው ጭስ ያለው አውሮፕላኑ ውስጥ ነው። አንድ ነገር ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? አውሮፕላን ቆሞ፣ ዋናዎቹ ሞተሮች ጠፍተው፣ ከጭራው በኩል የሚያፏጭ ድምፅ አለ። መብራቱንና አየሩን የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ሞተር ነው። ነዳጅ ይበላል። ከመሬት በገመድ መብራት ከተሰጠው ያ ሞተር ይጠፋል። ያን ጊዜ የውሃችን መብራት ነዳጅ ተካ ማለት ነው። ይህ ከፓኔሉ በርካሽ ይሠራል፣ ጥቅሙም ፈጣን ነው።

ነዳጁ እንዴት ይመጣል? ከጅቡቲ በቦቴ። ሐዲዱ ግን እዚሁ አጠገባችን አለ፣ ባቡሩም በኤሌክትሪክ ይሄዳል። እንግዲህ ለእኔ የመጀመሪያው አጋር ባለ አክሲዮኑ ሳይሆን ባቡሩ ነው። ጋሼ ለገሃሬ፣ ለዚህ አጋርነት ማንም ትርፍ አይጠይቅዎትም።

ከለገሃሬ፦
ይኼኛው ገብቶኛል። ውል እንጂ ሽያጭ አይደለም። በዚህ አልከራከርሽም።

ከቀፊራ፦
ልጆች፣ እኔ ፍራፍሬ ነጋዴ ነኝ። ስለ ካርቦኑ አላውቅም። የማውቀውን ልንገራችሁ።

ባለፈው ግንቦት ፓፓያ ለአዲስ አበባ ገዢ አስጫንኩ። መኪናው ተበላሽቶ አንድ ቀን መንገድ ላይ አደረ። ስልክ ተደወለልኝ፣ ሄድኩ። ሳጥኑን ሳነሳው ከሥሩ ውሃ ይንጠባጠባል። አንዱን በአውራ ጣቴ ነካሁት፤ ጣቴ እስከ ፍሬው ገባ። ሽታው እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም። የዚያን ቀን የልጄን የትምህርት ቤት ክፍያ ነው የጣልኩት።

አውሮፕላን ይጭንልኝ ማለቴ አይደለም። ፓፓያ የአውሮፕላን ዋጋ አያወጣም፣ እሱን አውቃለሁ። ግን ማረፊያው አጠገብ አንድ ትልቅ ቀዝቃዛ መጋዘን ቢኖር፣ ቀን በዚያ በምትሉት ፀሐይ እየሠራ፣ እኔም በሳጥን ከፍዬ አሳድር ነበር። ለውጭ ገበያ የሚሆነው ተመርጦ በአየር ይሄዳል፣ የቀረው በባቡር ወይም በመኪና። ኪራይ ከሆነ የምትፈልጉት፣ እኛ እንከፍላለን።

ከከዚራ፦
እትዬ፣ ይህን ጠዋት ከመጻፌ በፊት ብጠይቅዎት ኖሮ ጥያቄዬ ሌላ ይሆን ነበር። ኮቺን ላይ በፓኔሎቹ ሥር አትክልት ይበቅላል። ፓኔሉ የሚታጠብበት ውሃ ተመልሶ ያንን ያጠጣል።

ከሐረር፣ ጁገል፦
እኛንስ ረሳችሁን? ሐረር አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ጀምሮ እንግዳ ይመጣልኛል፤ በአየር የሚመጣው እናንተ ጋ ያርፍና የደንገጎን ዳገት ወጥቶ፣ በአወዳይ በኩል ወደ 50 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ይደርሰኛል። አስጎብኚ ነኝ። እንግዳው መጀመሪያ የሚያየው ምሥራቅ የእናንተን በር ነው። አክሲዮን ከተባለ ሐረሪም ይኑርበት።

ስለ ውሃም አንድ ነገር። ሐረር የምትጠጣው ውሃ በከፊል ከእናንተ በኩል፣ ከሀሰሊሶ ጉድጓዶች ተስቦ ነው ሽቅብ የሚመጣው። ሐሮማያ ሐይቅ ዓይናችን እያየ ሲደርቅ ያየን ሰዎች ነን። ፓርኩም፣ ቀጣናውም፣ ማረፊያውም ከዚያው ከርሰ ምድር የሚቀዱ ከሆነ፣ ዕድገት ከማለታችን በፊት ማን ስንት እንደሚቀዳ ይለካ። አጋርነት ለእኔ ይኼ ነው።

ከደቻቱ ዳር፦
ውሃ ከተነሳ እኔም ልናገር። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት፣ 1998 ዓ.ም.። ደጋው ላይ ዘንቦ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ መጣ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ጎረቤቶቼን አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሰፊ ሲሚንቶ ሲፈስ ባየሁ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የዚህ ላይ ዝናብ ወዴት ይሄዳል?

ኮቺንን እንደ ምሳሌ ስታመጡ ነሐሴ 2010 ዓ.ም. የደረሰበትንም አምጡ። ጎርፍ ገብቶበት ሁለት ሳምንት ያህል ተዘጋ። የግቢው አጥር ፈረሰ፣ ከፓኔሎቹም ተጎዱ። ያ ሁሉ ዝና ውሃውን አላቆመውም። ድሬ ላይ ማስፋፊያ ከታሰበ ከሁሉ በፊት የውሃ መውረጃው በወረቀት ይታይ። ይከፈት አይከፈት ለሚለው ድምፄን የምሰጠው ያን ካየሁ በኋላ ነው።

ከከዚራ፦
ተቀብያለሁ። እንግዲህ ጥያቄውን ልቀይረው። መንደርደሪያውና ተርሚናሉ በአየር መንገዱ እጅ ይቆይ። ጋሼ እንዳሉት ያ ትከሻ ያስፈልገናል። አክሲዮኑ ግን ለቀዝቃዛው መጋዘንና ለሶላሩ ብቻ ይሁን፤ ራሱን የቻለ ኩባንያ፣ ማረፊያው አጠገብ፣ መሬቱን በኪራይ ወስዶ። የውሃ መውረጃው ጥናት ከመሠረቱ በፊት። እዚህ ላይስ ምን ትላላችሁ?

ከለገሃሬ፦
ይኼ የተለየ ነገር ነው። መንገደኛው አይነካም፤ ቢከስርም የሚከስረው የገዛው ብቻ ነው። ሒሳቡን ለመሥራት ፈቃደኛ ነኝ፣ ክፍያ አልፈልግም። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። በኬረላ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ትንሽ ትንሽ አዋጣ። እኛ ዘንድ ሁለት ሀብታም መጥቶ ሁሉን ቢጠቀልለውስ? የአንድ ሰው ድርሻ ከዚህ አይበልጥም የሚል መተዳደሪያ ደንብ ከሌለው እኔ የለሁበትም። መጋዘን የያዘ ሰው ዋጋውንም ይይዛል።

ከቶሮንቶ፦
በጋሼ እስማማለሁ። የእኔም ድርሻ በዚያው ጣሪያ ይሁን።

ከቀፊራ፦
ጋሼ፣ ትንሽ ትንሹን ለእኛ ይተዉት። ቀፊራ ላይ የአትክልትና ፍራፍሬ ሴቶች ዕቁብ አለን። 28 ነን። በየሳምንቱ ሐሙስ እንጥላለን፤ አንድ ቀን ያጎደለች የለችም። አንድ ዙር ለዚህ ይሁን ብዬ ነገ አነሳላቸዋለሁ። እርስዎ ብቻ አንዷ አክሲዮን ስንት እንደምትሆን ይንገሩኝ።

ከለገሃሬ፦
እስከ ሐሙስ አሰላለሁ፣ እህቴ። የአንድ ሳጥን ማሳደሪያ ስንት ብትከፍሉ እንደሚያዋጣችሁ ጽፈሽ ላኪልኝ። ከዚያ ነው የምጀምረው።