ክፍሉን እስከ ኮርኒሱ በአንድ ቀለም፦ ለደብረ ብርሃንና አካባቢው ጥቆማ

«ግድግዳውን፣ ኮርኒሱን፣ በሩን፣ ዞኮሎውን (ከግድግዳው ግርጌ የሚዞረውን ጠርዝ)፣ ሁሉንም በአንድ ቀለም ላስቀባ ነው፤ የቱን ልግዛ?» ብላችሁ ለጠየቃችሁ። እኔ ጠባሴ ያለውን ሳሎኔን አምና እንደዚያ አስቀብቻለሁ። እውነቱን ለመናገር ሁለቴ ነው ያስቀባሁት።

መጀመሪያ ቀቢው ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ላይ የቱቦ ቀለም እየጨመረ በእንጨት አማሰለልኝ። ርካሽ ነው፣ ደግሞ ያምር ነበር። ሦስተኛው ግድግዳ ላይ አለቀና እንደገና በጠበጠ። በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ ሲገባ ማዕዘኑ የተጣፈ ጋቢ መሰለ። ሁለት ዓይነት ቀለም ቢሆን ማንም ልብ አይለውም ነበር፤ በአንድ ቀለም ግን መደበቂያ የለም።

ስለዚህ በማሽን የተቀየጠ ግዙ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን። እኔ አዲስ አበባ አስቀይጬ ነው ያመጣሁት። ከካዲስኮም ከንፋስ ስልክም ቀለም ፋብሪካ ገዝቼ አውቃለሁ፤ ለእንዲህ ያለ ሥራ ከስሙ ይልቅ የማየው ሻጩ የውሃውንም (ፕላስቲኩን) የዘይቱንም ቀለም በአንድ የቀለም ኮድ ቀይጦ መስጠቱን ነው። የውሃው ለግድግዳና ለኮርኒስ፣ የዘይቱ ለበር፣ ለዞኮሎና ለመስኮት ብረት (ብረቱ ላይ አስቀድሞ አንቲረስት፣ ማለትም የዝገት መከላከያ ቀለም)።

«ሁሉንም በዘይት ቅባው፣ ይታጠባል» የሚል አይጠፋም። የጭቃ ቤት ከሆነ እንዳትሰሙት። ግድግዳው የያዘው እርጥበት መውጫ ያጣና ቀለሙ ይላጣል፤ ማንጸባረቁ ደግሞ ማታ መብራት ሲበራ የልስኑን ጉብታ አንድ በአንድ ያስቆጥራል።

መጠኑን ለማስላት፦ አንድ ሊትር በለሰለሰ ግድግዳ ላይ አንድ እጅ ሲቀባ 10 ካሬ ያህል ይሸፍናል። 4 በ4 ለሆነ፣ ከፍታው 2.6 ሜትር ለሆነ ክፍል ኮርኒሱን ጨምሮ ሁለት እጅ 11 ሊትር ገደማ ይፈልጋል። 12 ያዙ።

የእኔ ኮርኒስ ችፑድ ነው። የሚስማሩ ራስ ሁሉ በውሃው ቀለም ዝጎ እንደ ኩፍኝ ብቅ ብቅ አለ። በሁለተኛው ዙር እያንዳንዱን አንቲረስት ነካ ነካ አድርገን ነው የቀባነው።

ቀቢውን በእጅ ዋጋ ብቻ ተዋዋሉ፣ ቀለሙን ራሳችሁ ግዙ። ግድግዳና ኮርኒስ የሚለይ መስመር ማስተካከል ስለሌለበት ዋጋው ላይ ተከራከሩ፤ እኔ አስቀንሻለሁ።

ጊዜው? ከ2,800 ሜትር በላይ ነን፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ላይ አትጀምሩ፣ የዘይቱ አልደርቅ ይላል። ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ደግሞ በተቃራኒው በጠዋት ጨርሱ፤ ቀትር ላይ ሩሎው ሳይመለስ እየደረቀ መስመር ይተዋል።

ቀለሙን ለጠየቀችኝ እህት፦ የተቆላ ገብስ የሚመስል ነው። ሶፋው ላይ የመንዝ ባና ጣል አድርጌበታለሁ፣ ጥቁሩን። የተረፈውን ቀለም በሃይላንድ ሞልቼ ኮዱን ጽፌበት አልጋ ሥር አስቀምጫለሁ፤ ልጆቹ አሁንም ግድግዳውን በኳስ ይመቱታል።