አንዲት ፊደል አላነብ ብላኛለች፣ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። አሜሪካ ነው የምማረው። በሚቀጥለው ሳምንት በነባር አሜሪካውያን ቋንቋዎች ዎርክሾፕ ላይ ጥናት አቀርባለሁ። የያዝኩት በ17ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ በኖረው እንግሊዛዊ ሰፋሪ በሮጀር ዊልያምስ ደብዳቤዎች ውስጥ ያሉትን የናራጋንሴት (የሮድ አይላንድ ነባር ሕዝብ ቋንቋ) ቃላት ነው።

ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1643 ባሳተመው መጽሐፍ ለ"ውሻ" አራት አጠራር መዝግቧል፦ አኑም፣ አይም፣ አሩም፣ አሉም። እንደየአካባቢው የምትለየው አንዲት ድምፅ ናት። እኔም የተጣበቅኩት እዚሁ ላይ ነው። ይህ ቃል ያለበት የአንዱ ደብዳቤ ቀለም ፈዟል፤ ፊደሏ "ኤን" ትሁን "አር" ሦስት ቀን ሙሉ ባፈጥባትም አልለይ አለችኝ። ብሳሳት ቃሉን ከባለቤቶቹ አፍ ነጥቄ ለሌላ ሕዝብ መስጠቴ ነው። ልጆቻቸው ቋንቋውን መልሰው እየተማሩ ባሉበት ጊዜ ይሄ ያስጨንቀኛል።

በዘመኑ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ "ዬ" (ye) የሚመስለው "ዘ" (the) ተብሎ እንደሚነበብ አውቄያለሁ። የዘመኑን የእጅ ጽሑፍ የምታነቡ፣ ተመሳሳይ ፊደሎችን በምን ትለያላችሁ? ከዚያው ደብዳቤ ሌሎች ቃላት ጋር ማነጻጸር ይበቃል?