ጓሮ የገባችውን እንግዳ ወፍ እንዴት ልለያት?

ጥያቄ፦ ማለዳ
ጤና ይስጥልኝ። ሦስት ቀን ሆነ፣ ጎህ ሲቀድ የማላውቃት ወፍ ጓሮ ውስጥ አያለሁ። ከድንቢጥ ትረዝማለች፣ ከርግብ ታንሳለች። ሆዷ ቢጫ ነው። መሬት ላይ እየሄደች ጭራዋን ታወዛውዛለች። በስልክ ያነሳሁት ፎቶ ብዥ ብሏል። እንዴት ልለያት? ከሰው ቤት ያመለጠች ትሆን? እህል ብበትን ትቆያለች?

መልስ፦ ላባ
ቀለሙን ለጊዜው ይተዉት፤ ያሳስታል። ፀሐይ ከኋላዋ ስትሆን ቢጫዋ ወፍ ጥቁር ትመስላለች፣ ዝናብ የመታው ላባ ይጠቁራል፣ ገና መብረር የጀመረ ጫጩትም መልኩ ከእናቱ ይለያል። መጀመሪያ ምንቃሯን ይዩ። አጭርና ወፍራም ከሆነ እህል ፈልፋይ ናት፤ ቀጭንና ሹል ከሆነ ነፍሳት ለቃሚ።

ከዚያ አካሄዷን። ድንቢጥ ሁለት እግሯን ገጥማ ትዘላለች። እርስዎ «እየሄደች» ያሉት ትልቅ ፍንጭ ነው። እግሯን እያፈራረቀች የምትራመድ፣ ረጅም ጭራዋን ላይ ታች የምትል፣ ስትበርም እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ የምትል ከሆነ ከጭራ ወዝዋዦቹ ወገን መሆኗ አይቀርም። ጀርባዋን፣ የእግሯን ቀለምና የጭራዋን ዳር ላባ አይተው ወፏ ሳትሄድ ወረቀት ላይ ያስፍሩ። ከሄደች በኋላ አእምሮ ያላየውን ይሞላል።

መልስ፦ ጭልፊት
ስለ ፎቶው፦ ብዥታው የሚመጣው በማለዳ ብርሃን ማነስና በስልኩ ዙም ነው። ብዥ ያለም ቢሆን የመጀመሪያውን ካሉበት ሆነው ያንሱ፣ ከዚያ ይጠጉ። ቀጥ ብለው አይሂዱባት፤ በሰያፍ ሁለት ሦስት እርምጃ ሄደው ይቁሙ፣ አንገቷን ቀና ካደረገች አይነቃነቁ። መብራት አጥፍቶ ከመስኮት ውስጥ መጠበቅ ግን ከሁሉም ይሻላል። ባለ 8 በ42 (8 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 42 ሚሊሜትር የሆነ) የርቀት መነጽር ካለ የስልኩን ሌንስ ከማያው ቀዳዳ ጋር ገጥመው ቪዲዮ ይቅረጹ፤ ከቪዲዮው ጥሩውን ምስል መምረጥ ይቻላል። ድምፅም 30 ሰከንድ ያህል ይቅዱ። እንደ መርሊን ያለ ወፍ የሚለይ የስልክ መተግበሪያ ሲጠቀሙ ቦታውንና ቀኑን በትክክል ያስገቡ፣ የሚሰጠውንም ስም እንደ ግምት ይያዙት።

መልስ፦ የጓሮ ዘብ
ያመለጠች ወፍ ብዙ ጊዜ የጭራዋ ጫፍ በሽቦ ተፋግቶ የተበጣጠሰ ነው፤ እግሯ ላይም መጋጠሚያ የሌለው ቀለበት ሊኖር ይችላል። ቁጥር የተጻፈበት የብረት ቀለበት ካዩ ግን የተመራማሪዎች ምልክት ሊሆን ስለሚችል ቁጥሩን በፎቶ ያንብቡ እንጂ ወፏን አይያዙ። ሰው አለመፍራቷ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ብዙዎቹ ትናንሽ ተሰዳጅ ወፎች ሌሊት በርረው ንጋት ላይ ለማረፍ ስለሚወርዱ፣ ድካም ብቻ ገራም ሊያስመስላቸው ይችላል።

እህሉን ይተዉት፤ ነፍሳት ለቃሚ አትነካውም። ውኃ ያስቀምጡ፦ ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው፣ ወለሉ የማያዳልጥ ሳህን፣ መሐሉ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ። ከቁጥቋጦው ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ፣ ድመት የምታደባው እዚያ ነው። ውኃውን በየቀኑ ይቀይሩ። ፀረ ነፍሳት የሚረጩ ከሆነ እባክዎ ያቁሙ፤ የምትለቅመው እነዚያኑ ነፍሳት ነው።

ማለዳ
አመሰግናለሁ። ዛሬ ከመስኮት ሆኜ አየኋት። ምንቃሯ ቀጭን፣ ጀርባዋ ግራጫ፣ የጭራዋ ዳር ነጭ ነው። እግሯ ደብዘዝ ያለ ሮዝ ይመስላል።

መልስ፦ ላባ
እግሩ ለየው! ቢጫ ሆድ ያላቸው ሌሎቹ ጭራ ወዝዋዦች እግራቸው ጥቁር ነው። ግራጫ ጀርባ፣ ሮዝማ እግርና በጣም ረጅም ጭራ ያላት ግራጫዋ ጭራ ወዝዋዥ ናት። የምትወደው የሚፈስ ውኃ ስለሆነ በአቅራቢያው ጅረት ወይም ቦይ ካለ እዚያም ይፈልጓት።