ለውዝዋዜው የመጣው ሰው ለውይይቱ አይቀመጥልንም፤ ምን ይሻላል?

ሰላም ለሁላችሁ። በዩኒቨርሲቲ የባህል ክበብ ውስጥ ዝግጅት አስተባብራለሁ። ግራ የገባኝ ነገር ስላለ ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

ዝግጅታችን ሁለት ክፍል አለው። መጀመሪያ ከተለያዩ አገሮች የመጡ ተማሪዎች ሙዚቃ፣ ውዝዋዜና ግጥም ያቀርባሉ። ከዚያ ውይይት ይከተላል። ለመጀመሪያው ክፍል አዳራሹ ጢም ይላል። መድረክ መሪው "አሁን ወደ ውይይት እንገባለን" ሲል ግን ሰው ቦርሳውን አንስቶ ውልቅ ነው። የሚቀሩትም ከአገራቸው ልጆች ጋር ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። ማይክ የሚይዙት ደግሞ ሁሌም እነዚያው ልጆች ናቸው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አንዲት ጎበዝ ተወዛዋዥ "የምትፈልጉኝ የባህል ልብሴን ለብሼ እንድታይ ብቻ ነው" አለችኝ። ንግግሯ ከልቤ አልወጣም። ሰው አጨብጭቦ ከሄደ መተዋወቁ የታለ?

ቀጣዩን ዝግጅት ለግንቦት 13፣ በፈረንጆቹ ሜይ 21 አስበነዋል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የባህል ብዝኃነት ለውይይትና ለልማት ብሎ የሰየመው ቀን ነው። ስለዚህ ውይይቱን መሰረዝ በፍጹም አልፈልግም።

ያሰብኩት ከእያንዳንዱ ሥራ ቀጥሎ አቅራቢው ራሱ ለጥቂት ደቂቃ እንዲናገርና እንዲጠየቅ ነው። ግን ትዕይንቱ እየተቆራረጠ እንዳይሰለች ፈራሁ። ወይስ ወንበሩን በክብ በክብ አድርገን በትንንሽ ቡድን እናወያይ?

የሞከራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። አወያዩ ተማሪ ቢሆን ይሻላል ወይስ መምህር? ሃይማኖትና ፖለቲካ ሲነሳስ ወደ ጭቅጭቅ እንዳይሄድ ምን ታደርጋላችሁ?